አልኮሉን አስቀምጪው! የሸክላና የግራሞፎን ጥያቄዎቻችሁ ከነመልሳቸው

ባለፈው እትም «ቤታችሁ ያለውን አሮጌ የዘፈን ሸክላ ከመጣላችሁ በፊት ጠይቁን» ብለን አንዲት አጭር ነገር ጣል አድርገን ነበር። ከጅማና ከዙሪያዋ የመጣው ጥያቄ ከጠበቅነው በላይ ሆኗል፣ ደስ ይላል። አብዛኛው ግን «ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ዋጋው የትም አይሄድም፣ ይደረስበታል። መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ፣ ምክንያቱም ሳያውቁ ያጠቡትም ሳያውቁ የሸጡትም ያው ከስረዋል። ሁሉንም ማተም ስላልቻልን የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ሰላም ጋሼ፣ አያቴ ካረፉ በኋላ አልጋቸው ስር በእንጨት ሳጥን ብዙ ሸክላ አገኘን። ግማሹ ትልቅና ከባድ ነው፣ ግማሹ ትንሽና ቀጭን። ሁሉም ላይ ነጭ ነጭ ሻጋታ ወጥቶበታል። እናቴ በአልኮል ጥረጊው ትላለች፣ አጎቴ ደሞ በሳሙና እጠቢው ይላል። ማንን ልስማ? (ከሰቃ)

እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍሳቸውን ይማር። ሁለተኛ አልኮሉን አስቀምጪው፣ አሁኑኑ!

ያ ትልቁና ከባዱ ባለ 78 ዙር የሚባለው ነው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከር ማለት ነው። የተሰራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው፣ ሙጫውን የምታመነጨው ደግሞ ህንድና ታይላንድ አካባቢ ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽዬ ነፍሳት ናት፣ እሱ ላይ የተፈጨ ድንጋይ ጨምረው ጠፍጥፈው ያትሙታል። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል። ካላመንሽኝ እዚሁ ጅማ የእንጨት ስራ የሚሰራ ሰው ጠይቂ፣ አናጢዎች እቃ የሚያብረቀርቁበት ሼላክ በአልኮል ተሟሙቶ ነው የሚቀባው። ስለዚህ ባለ 78ቱን በአልኮል ስትጠርጊው የምታነሺው ሻጋታውን ብቻ ሳይሆን ዘፈኑንም ጭምር ነው።

ትንሹና ቀጭኑ ግን ሌላ ነው። እሱ ባለ 45 ነው፣ ሲንግል የሚባለው፣ ከፕላስቲክ የተሰራ። ሁለቱን ለመለየት አትጨነቂ፣ ከባዱ ቢወድቅ እንደ ሳህን ይሰበራል፣ ቀጭኑ ትንሽ ይተጣጠፋል (አትሞክሪው ግን እሺ?)፣ ብዙ ጊዜም መሀሉ ላይ ያለው ወረቀት ላይ የዙሩ ቁጥር ተፅፏል። ባለ 45ና ትልቁ ባለ 33 ኤልፒ ከ1948 እና 1949 (በፈረንጅ) በኋላ የመጡ ናቸው፣ ከዛ በፊት የነበረው ሁሉ 78 ነው ብትይ ብዙም አትሳሳቺም።

አጠባጠቡ እንዲህ ነው። ሻጋታውን ከቤት ውጪ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ደረቅ በሆነ ለስላሳ ብሩሽ አራግፊው፣ ሳንባ አይወደውም። ከዛ ዲስትልድ ውሃ ያስፈልግሻል፣ ጋራዥና መለዋወጫ ሱቅ ለመኪና ባትሪ የሚሸጡት አለ፣ ስትገዢ ግን ረጋ ብለሽ አንብቢ፣ አሲዱን እንዳይሰጡሽ። አንድ ሊትር ውሃ ላይ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ። ለስላሳ ጨርቅ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ መስመሩን ተከትለሽ ዙሪያውን ጥረጊ፣ መስመሩን አቋርጠሽ አትፈትጊ። መሀሉ ላይ ያለው ወረቀት ውሃ እንዳይነካው፣ እሱ ከተላጠ የሸክላው መታወቂያ ጠፋ ማለት ነው። ባለ 78ቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አትተዪ፣ አጠብ አድርገሽ በንፁህ ውሃ አለቅልቀሽ ወዲያው አድርቂው። ፀሀይ ላይ ግን አታስጪ! ሸክላ በርበሬ አይደለም፣ ጠመም ካለ በኋላ የሚያቀናው የለም። ስለዚህ አጎትሽ ከሞላ ጎደል ልክ ናቸው፣ ሳሙናው ግን የልብስ ኦሞ እንዳይሆን።

አሁን ዋናው ነገር፣ መልሶ እንዳይሻግት። የኛ ሀገር ዝናብ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ክረምት ብቻ ሳይሆን በልጉም አይምርም፣ የግድግዳው ጭቃ ሳይደርቅ ሌላ ይመጣል። ሸክላ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከውጪኛው ግድግዳ ጋር ተለጥፎም አይቀመጥም፣ በፌስታል ተጠቅልሎም አይቀመጥም፣ ፌስታሉ እርጥበቱን ይዞ ያፍነዋል። ቆርቆሮው ስር ጣሪያ ላይ የሰቀልሽው እንደሆነ ደሞ ሙቀቱ ያጣምመዋል። ቡና የሚፈላበትና ከሰል የሚጨስበት ጥግም አይሆንም፣ ጥቀርሻው መስመሩ ውስጥ ይገባል። ሳሎን ያለ ቡፌ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ (ተደራርቦ ሳይሆን!)፣ በየአዲስ የወረቀት ሽፋኑ ሆኖ ይቀመጥ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ሰብስቢና አብረሽ ጣል አድርጊ።

አሮጌውን ሽፋን ግን አትጣዪ፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ጋሽዬ የእጅ ግራሞፎን አለኝ በጣም ይሰራል፣ ሲንግል ባጫውትበት ችግር አለው? (ከአጋሮ)

አለው። አንዴ ታጫውተውና ሸክላው አለቀ። የግራሞፎኑ ራስ ከነመርፌው የሚጫነው ክብደት ከ100 ግራም በላይ ነው፣ ሲንግልና ኤልፒ ግን ጥቂት ግራም ለሚመዝን ክንድ የተሰሩ ናቸው። የብረቱ መርፌ መስመሩን ያርሰዋል። በግራሞፎን 78 ብቻ! እሱም ቢሆን መርፌው ለአንድ ገፅ ነው፣ ሸክላው ውስጥ ያለው የተፈጨ ድንጋይ መርፌውን ሆን ብሎ እየሞረደ ነው የሚሄደው፣ ገፅ ስትቀይር መርፌ ቀይር። «ገና ሹል ነው» እያልክ አንዱን መርፌ ሳምንት አታስኬደው።

አንድ ደላላ ቤት ድረስ መጥቶ ያባቴን ሲንግሎች በሙሉ በጅምላ ልውሰድ አለኝ። አምሃ ሪከርድስ የሚል ያለባቸው ብዙ ናቸው፣ የሙላቱ አስታጥቄም ኤልፒ አለ። ስንት ልበለው? (ከሂርማታ መርካቶ)

ምንም አትበለው። ሻይ ጋብዘህ ሸኘው። ሰው ሳይመርጥ «በሙሉ ልውሰድ» ሲል ከውስጡ አንዷን በደንብ አይቷታል ማለት ነው፣ ሌላው አጃቢ ነው።

አምሃ ሪከርድስ የአምሃ እሸቴ ሸክላ አሳታሚ ቤት ነው። በዛን ጊዜ ሸክላ የማሳተም ስልጣን በአዋጅ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር፣ አምሃ ገና በሃያዎቹ ያለ ልጅ ሆኖ ይሄን ጥሶ በ1969 በፈረንጅ ጀመረ፣ የመጀመሪያው የአለማየሁ እሸቴ ነበር። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ ነው ያሳተመው። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሲንግልና ደርዘን የሚሆን ኤልፒ አወጣ፣ ከዛ አብዮቱ መጣ፣ እሱም ከሀገር ወጣ። ከሱ ጎን ሌሎች አሳታሚዎችም ነበሩ፣ ፊሊፕስ አለ፣ ካይፋ አለ። ከዛ ካሴት ገባና ሸክላ ቀረ፣ ሰው ሲንግሉን ለልጅ መጫወቻ ሰጠ። ስለዚህ ቁጥሩ ያኔም ትንሽ ነበር፣ የተረፈው ደሞ የባሰ ትንሽ ነው።

ፈረንጁ ለምን አበደለት ለሚለው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በነሱ አቆጣጠር ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮጲክስ የሚባለውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ጀመረ፣ አራተኛው ሙሉ በሙሉ የሙላቱ ነው። በ2005 ደሞ የሙላቱ ሙዚቃ ጂም ጃርሙሽ የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር ፊልም ውስጥ ገባ፣ ከዛ በኋላ ዋናውን ሸክላ የሚፈልግ ሰው በየሀገሩ በዛ። ሙላቱ ደሞ የኛው የጅማ ልጅ ነው፣ በ1943 በፈረንጅ እዚሁ የተወለደ፣ እና የሙላቱ ኤልፒ ጅማ ውስጥ ቡፌ ላይ መገኘቱ እኔን ደስ ብሎኛል፣ ለደላላው ግን እንዳትነግረው።

ያንተ ኤልፒ ዋናው ነው ወይስ ዳግም እትም? ይሄን ሳታጣራ ዋጋ የለም። ኒውዮርክ ወርዚ በሚባል አሳታሚ በ1966 ሁለት ኤልፒ አውጥቷል፣ በ1972 ሌላ አንድ፣ ያ የ1972ቱ በ2017 እንደገና ታትሟል፣ በ1974 ደሞ አምሃ ጋር አንድ አለ። ሽፋኑን ገልብጠህ እይ። ባርኮድ ካለበት ዳግም እትም ነው፣ በነዛ ዓመታት ሸክላ ላይ ባርኮድ የሚባል ነገር አልነበረም። የኢንተርኔት አድራሻ ካለበትማ ምን እላለሁ። ከዛ ሸክላውን አውጥተህ ዘፈኑ አልቆ ወረቀቱ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ባዶ ቦታ ብርሃን ላይ ዘንበል አድርገህ ተመልከት፣ የተጫረ ወይ የተመታ ቁጥርና ፊደል አለ፣ እሱን ፃፈው።

እንግዲህ ሁሉንም አንድ በአንድ ፎቶ አንሳ፣ ሁለቱንም ገፅ፣ ቁጥሩንም። ዲስኮግስ የሚባለው የሸክላ መሸጫ ድረ ገፅ ላይ ቁጥሩን ፈልገህ ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን በትክክል የተሸጠበትን ተመልከት፣ ይሄ ልዩነት ሰውን ያሳብዳል፣ መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል። እዛ ላይ ያለው ዋጋ ደሞ ለንፁህ ሸክላ ነው። ያንተ በሰርግ በምርቃት የተጨፈረበት፣ ጣት የነካው፣ አንዱ ጋ እየደገመ የሚቆም ከሆነ ዋጋው በግማሽም ከግማሽ በታችም ይወርዳል፣ ይሄንን ደላላውም ያውቀዋል ስለዚህ አትጣላው። ገዢው ከሀገር ሊያስወጣው ከሆነ ደሞ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፣ በኋላ ኤርፖርት ላይ ከመለማመጥ ይሻላል።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን ያባትህን ስም የፃፉባቸውን አትሽጥ።

ትልቅ የነሐስ ቀንድ ያለው ግራሞፎን ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው አለ። ከጅሬን ከአባ ጅፋር ቤተ መንግስት የወጣ ነው ይላል፣ ውሻውም ምልክቱ አለበት። ልግዛው? (ከፈረንጅ አራዳ)

ሃሃ ይሄ ግራሞፎን በየከተማው ስንት ቤተ መንግስት ነው የወጣው! ጎንደር ብትሆኑ ኖሮ ከፋሲል ግንብ ነው ይላችሁ ነበር።

ወንድሜ በሁለቱም በኩል አይሆንም። እውነት ከቤተ መንግስቱ ወጥቶ ከሆነ ቅርስ ነው፣ ቦታው ሙዚየም እንጂ ያንተ ሳሎን አይደለም፣ ብትገዛው ጣጣው ላንተ ነው። ውሸት ከሆነ ደሞ ብርህን በላህ። እኔ ውሸት ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ህንድ ውስጥ ለቱሪስት እየተሰራ አለምን ያጥለቀለቀ ግራሞፎን አለ፣ አዲስ የሚያብለጨልጭ ቀንድ፣ አዲስ ሳጥን፣ ሞተሩንና ራሱን ከአሮጌ የሻንጣ ግራሞፎን ነቅለው የሚገጥሙበት፣ ላዩ ላይ የውሻውን ስቲከር ይለጥፋሉ። ውሻው ኒፐር ይባላል፣ ፍራንሲስ ባሮ የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓሊ የሳለው ነው፣ በ1899 ለግራሞፎን ካምፓኒ ሸጠላቸው፣ ኤች ኤም ቪ («የጌታው ድምፅ» ማለት ነው) የሚለውም ስም የመጣው ከዛው ስዕል ነው።

ካቻቢቴ ይዘህ ሂድ፣ መፍታት እንኳን አያስፈልግም። ብሎኑን ብቻ እይ። ራሱ ላይ መስቀል ቅርፅ ያለው ብሎን ካየህ ተመለስ፣ ያ አይነት ብሎን የመጣው በ1930ዎቹ በፈረንጅ ነው፣ አባ ጅፋር ደሞ ያረፉት በ1932 ነው። ሳጥኑን ከስር ገልብጠው፣ እንጨቱ እዛም እንደላዩ ከተቀባ ወይ አዲስ ኮምፔርሳቶ ከሆነ አበቃ። ስቲከሩን በጥፍርህ ዳብሰው፣ ጠርዙ ከተሰማህ አበቃ።

ግራሞፎን መስማት ከሆነ ፍላጎትህ የሻንጣውን ፈልግ፣ ጥቁር ሳጥን ሆኖ እንደ ሻንጣ የሚዘጋው፣ ቀንዱ ውስጡ የተደበቀ። ኤች ኤም ቪ 102 የሚባለው ከ1931 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የተሰራ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ድምፁም ካንተ የቤተ መንግስት ቀንድ ይበልጣል። ውበት የለውም፣ እሱን አልክድም።

ባለቤቴ ሸክላውን ያዝ ግን ያንን ቆሻሻ ወረቀት ጣል ትለኛለች። የተቀደደ ሽፋን፣ የሙዚቃ ቤት ደረሰኝ፣ የመርፌ ቆርቆሮ፣ የዘፋኝ ፖስትካርድ፣ የዳንስ ግብዣ ካርድ ምናምን ነው። እውነቷን ነው ወይ? (ከሊሙ ገነት)

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እሷን ላለማስከፋት እየሞከርኩ ነው እንጂ፣ ወንድሜ በፍፁም እንዳትጥል! ሸክላው በብዙ ቅጂ ታትሟል፣ አንዱ ቢሰበር ሌላው አንድ ቦታ ይኖራል። ያ ደረሰኝ ግን አንድ ብቻ ነው። ሽፋኑ ጥግ ላይ የሙዚቃ ቤቱን ክብ ማህተም ካገኘህ፣ በየትኛው ከተማ የትኛው ሱቅ ምን እንደሚሸጥ አወቅህ፣ ደረሰኙ ላይ ዋጋውና ቀኑ አለ። የጅማ ሙዚቃ ቤቶችን ታሪክ የሚፅፍ ሰው አንድ ቀን ቢነሳ የሚፅፈው ከዚች ነው፣ ሌላ ከየት ያመጣል? ሽፋኑ ላይ በቢክ የተፃፈችው «ለውድ እህቴ ለምርቃትሽ» የምትለዋም ለነጋዴ ጉድለት ናት፣ ዋጋ ትቀንሳለች፣ ለኔ ግን ሽፋኑን ሽፋን የምታደርገው እሷ ናት።

የመርፌ ቆርቆሮዎቹን ደሞ ለብቻቸው የሚሰበስብ ሰው በአለም ላይ ሞልቷል፣ የክብሪት ቀፎ እንኳን የማታክል ቆርቆሮ ሆና ክዳኗ ላይ ያለው ስዕል ግን የሚገርም ነው። ዝገት ካለባት አትፈትጋት፣ ቀለሙ አብሮ ይሄዳል፣ መርፌዎቹን አውጥተህ በደረቅ ጨርቅ ብቻ። የተጠቀሙባቸውን መርፌዎች ካዲሶቹ ለይ፣ ጫፋቸው ዘመም ያለና ጠፍጣፋ ነው።

ለወረቀቱ ሶስት ነገር አታድርግ፣ በፕላስተር አትለጥፍ (ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይበላዋል)፣ ላሚኔት አታድርግ (የሚመለስበት መንገድ የለም)፣ ስቴፕለር አትምታ (ጅማ ላይ ወዲያው ይዝጋል)። ጠፍጣፋ አድርገህ በነጭ ወረቀት መሀል አኑረውና የቱ ወረቀት ከየትኛው ሸክላ ጋር እንደተገኘ በእርሳስ ፃፍ። ይሄ የመጨረሻው ነገር ካልተፃፈ ሁሉም እንደገና ቆሻሻ ወረቀት ይሆናል፣ ያኔ ባለቤትህ እውነቷን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሸክላ በምስማር ግድግዳ ላይ የምትቸነክሩ ካፌዎች፣ እግዜር ይይላችሁ።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሸክላ ከጅማ ጋር ግንኙነት አለው ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው? (ከሰርቦ)

በእጅ አዙር አዎ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ አዝማሪም ባለቅኔም የነበሩት፣ በ1908 በፈረንጅ የመኪና ነገር እንዲማሩ ጀርመን ተላኩ፣ እዛው በርሊን እያሉ ቤካ ለሚባለው ኩባንያ በማሲንቆ እየዘፈኑ ቀረፁ። ያኔ ማይክሮፎን የሚባል የለም፣ ኤሌክትሪክ ቀረፃ የመጣው በ1925 ነው፣ ስለዚህ ዘፋኙ ትልቅ ቀንድ ፊት ቆሞ ነው የሚጮኸው፣ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌውን ገፍቶ መቅረጫው ሰም ላይ ይጭራል፣ በሶስት ደቂቃ ገደማ ደሞ መጨረስ አለብህ። ለአዝማሪ ይሄ ቅጣት ነው፣ መግቢያው ብቻ ሶስት ደቂቃ አይበቃውም። መስማት ከፈለግክ ኢትዮጲክስ 27ኛው ላይ ተሰብስቦ አለ። ከጅማ ጋር የሚያገናኘው፣ ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ፣ የኳሱ ሰው፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት የነበረው፣ የተወለደው ጅማ ነው። ዋናውን የተሰማን ሸክላ ያየ ካለ ይፃፍልን፣ አይሽጠው አይጠበውም።

ግራሞፎኔን ስሞላው መሀል ላይ ዱብ ይልና ይንገጫገጫል፣ ፈትቼ ልየው? (ከጅማ ቆጪ)

አትፍታው! ሞላው ላይ ያለው ግሪስ ደርቆ ነው፣ እየተጣበቀ በድንገት ሲላቀቅ ነው ዱብ የሚለው። መፍትሄው አጥቦ አዲስ ግሪስ መቀባት ነው፣ ግን ያ ሞላ ብዙ ሜትር የሚረዝም የብረት ጥብጣብ ነው፣ ከቆርቆሮው ሲያመልጥ ጣት ይቆርጣል። የሚያውቅ የሰዓት ወይ የማሽን ሰራተኛ ጓንት አድርጎ ይስራው። እስከዛው ሙሉ አትሙላው፣ አጫውተህ ስትጨርስም ሞላው እስኪያልቅ ልቀቀው እንጂ እንደተወጠረ አታሳድረው።

78ቶቹን ወደ ስልክ መገልበጥ እፈልጋለሁ፣ ያለኝ ፒካፕ (የሸክላ ማጫወቻ) ግን 33ና 45 ብቻ ነው። (ያው ከሰቃዋ ልጅ ሌላ ጥያቄ)

ይቻላል። በ45 አጫውተሽ ኮምፒውተር ላይ ቅጂው፣ ከዛ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ፍጥነቱን በ1.733 አባዢው፣ 78ን ለ45 ስታካፍዪ የሚመጣው ነው። ግን መርፌሽን ቀይሪ፣ የ78 መስመር ከሲንግሉ ሶስት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ የሲንግሉ መርፌ ታች ወርዶ ቆሻሻውን ነው የሚያነበው፣ ቻው ቻው የሚለው ድምፅ ግማሹ ከዛ ነው። ለ78 የሚሆን መርፌ ከውጪ የሚመጣ ሰው ካለሽ አስመጪ፣ የፒካፕሽን ራስ ሞዴል ግን ፅፈሽ ስጪው። ስትቀጂ ዋቭ በሚባለው የፋይል አይነት አድርጊው፣ ጫጫታውን የማፅዳት ስራ በኮፒው ላይ ብቻ፣ የፋይሉም ስም የዘፈኑ ርዕስ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርም ይሁንበት፣ አንዳንዱ ዘፈን ሁለት ሶስቴ ተቀርጿልና በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ ግራ ይገባሻል።